ግቢያችሁ ውስጥ ጋራዥና ሊፍት ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ ጋራዥ ነው። "ዶክተር ስለ ጋራዥ ምን አገባው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ።

ሐይቅ ከተማ የሚኖሩ አጎት አሉኝ። አንድ ሚኒባስና አንድ ቪትስ አላቸው። ሚኒባሱ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ እያለ ሲመላለስ ይውላል። ማታ ግቢ ሲገባ ዘይት የሚቀይሩት፣ ፍሬን የሚፈትሹት ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም በእጅ የተሣለ ንድፍ ላኩልኝ፦ ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ፣ 6 በ6 ሜትር፣ ጣሪያው 2 ሜትር ከ80፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንዱ ግድግዳ ከመኝታ ቤት ጋር የተያያዘ፣ ውስጡ ባለ ሁለት ምሰሶ የመኪና ማንሻ ሊፍት። ከሥሩ "የጎደለ ካለ ንገረኝ፣ አብሽር ብቻ እንዳትለኝ" የሚል የድምፅ መልእክት አለ።

ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ እስካሁን ሚኒባሱን የት ነው የሚሠሩት?"

"ያው መጋዘኑ ውስጥ ነዋ።"

"ሞተር ሲያስነሱ በሩን ይከፍታሉ?"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ለማንም ያልነገሩኝን ነገር አወጡ። ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ብርዱ ስለጠናባቸው የብረት በሩን ዘግተው ሞተሩን አስነሱ፤ የሆነ ድምፅ ሰምተው ሊያዳምጡት ፈልገው ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። "ቡና ስላልጠጣሁ ነው ብዬ" አሉኝ። ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልክ ያን ጊዜ ልጃቸው "አባዬ፣ ቡና ደርሷል" ልትል መጥታ በሩን ከፈተችው። "ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ቡናዬን ጠጣሁ፣ ለቀቀኝ" ብለው ጨረሱ።

ወዳጆቼ፣ አጎቴን ያዳናቸው ቡናው አይደለም። የተከፈተው በር ነው።

🔴 ምን ነበር የሆነው?

ከመኪና ማርሚታ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ከከሰል ምድጃ የሚወጣውም ይኸው ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ትንሽ ጋዝ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል ናቸው። ሰው "ረሃብ ነው"፣ "ጉንፋን ነው"፣ "ቡና ነው" ይላል። ከቤት ሲወጣ የሚሻል፣ ሲመለስ የሚብስ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ በአንዴ ካመመው፣ ጋዙን ጠርጥሩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአምባሰል ከፍታዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። እዚያ የምንተነፍሰው አየር ቀድሞውኑ ኦክስጅኑ ከቆላው ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል። ጋዙን ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል "98" እያለ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጤና ተቋም ስትሄዱ "የመኪና ጭስ አፍኖት ነበር" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ሕክምናው ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያስወጡም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደህና ነኝ ብትልም ትታይ፤ ፅንሱ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳል።

🔴 አሁን ወደ ንድፉ እንመለስ

1. ግድግዳና አየር። ጋራዡ ከመኝታ ቤት ቢለይ ይመረጣል። ግቢው ጠቦ የግድ ከተያያዘ፣ በመካከል በርም መስኮትም አይኑር፤ ስንጥቁና የጣሪያው ክፍተት በደንብ ይደፈን። ጋራዡ ራሱ ደግሞ በተቃራኒ ግድግዳዎች ከታችና ከላይ የማይዘጋ የአየር መውጫ ይኑረው። ይህም ሆኖ ሞተር ሲነሳ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ሞተሩ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ከሆነ መኪናውን ወደ ውጭ ግፉት። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ በፊት እሱን አስመጡ። የሚሰቀለው መኝታ ቤት አጠገብ ነው።

2. ጣሪያ። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናን ወደ 1 ሜትር ከ80 ያነሳል። የሚኒባስ ቁመት ወደ 2 ሜትር ነው። ሲደመር 3 ሜትር ከ80! የአጎቴ ጣሪያ 2.80 ነው። ሚኒባሱ ሙሉ ከፍታው ላይ ሳይደርስ ጣሪያውን ያገኛል ማለት ነው። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ ጣሪያውን ቢያንስ 4 ሜትር ማድረግ፣ ወይም እንደ መቀስ የሚከፈተውንና ወደ 1 ሜትር ብቻ የሚያነሳውን ሊፍት መምረጥ። በዚህኛው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፍሬንና ጎማ መሥራት ይቻላል፤ ለእሱ 3 ሜትር ተኩል ጣሪያ ይበቃል።

3. ስፋት። የባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት የውጭ ስፋት ወደ 3 ሜትር ተኩል ነው። ቪትሷን ከጎኑ ስታቆሙ በ6 ሜትር ውስጥ በር መክፈቻም መተላለፊያም ይጠፋል። ወደ 7 በ7 ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ አደጋ ሲመጣ መሮጫ ያስፈልጋል።

4. ወለል። ሁሉም ነገር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሊሾ አይበቃም። ሴራሚክ ላይ የተበሳ ብሎን ደግሞ ጨርሶ አያስተማምንም። ፌሮ የገባበት፣ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ አርማታ ያስፈልጋል፤ ሊፍቱን ሳትተክሉ ደግሞ 28 ቀን ውሃ እየጠጣ ይጠንክር። መሬቱ ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም ይዞት ይሄዳል። አፈሩን ማስወጣትና በገረጋንቲ መሙላት ያስፈልግ እንደሆነ መሐንዲስ ይይላችሁ። ትክክለኛውን ውፍረት የሚወስነው የሊፍቱ መመሪያ ወረቀት ነው፤ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ።

5. ሊፍቱ። አቅሙ ከመኪናችሁ ክብደት በደንብ ይብለጥ፤ ለሚኒባስ የ4 ቶን ይሁን። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ነገ የምትገዙት ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፣ የሊፍቱ ክንድም ባትሪው ላይ ማረፍ የለበትም። ዋናው ግን ይህ ነው፦ መኪናው ከተነሳ በኋላ ወደ ታች ዝቅ ተደርጎ የብረት መቆለፊያው ላይ መቀመጥ አለበት። በዘይት ግፊት ብቻ ተንጠልጥሎ ከሥሩ አይገባም። መብራት ሲጠፋ በእጅ እንዴት እንደሚወርድም ሳትገዙ ተማሩ።

6. "ሊፍት ውድ ነው፣ ጉድጓድ ልቆፍር" ለምትሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። አንድ የአምፖል ብልጭታ ይበቃዋል። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ልጅ ይገባበታል። እኔ ለቤት አልመክረውም።

🔴 ሊፍቱ እስኪመጣ

ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። ድንጋይና ብሎኬት ደግሞ ሳይታሰብ ይፈረካከሳሉ። የብረት ማቆሚያ እግር ግዙ፤ ከሊፍት ጋር ሲወዳደር ዋጋው ትንሽ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች በታኮ አስደግፉ፣ ከሥሩ ሳትገቡ በፊት መኪናውን ነቅነቅ አድርጉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትግቡ።

🔴 አደጋ ከደረሰ

👉 መኪና ሰው ላይ ከወደቀ እናንተም ዘላችሁ አትግቡ። ጎረቤት ጥሩ፣ ሌላ ክሪክ አምጡ፣ እያነሳችሁ እያስደገፋችሁ አውጡት። ደረቱን ተጭኖት ከሆነ ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ነፍስ ናት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል።
👉 የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቡናና የተቃጠለ ዘይት ቁስል ላይ አይደረግም።
👉 እግሩ ወይም እጁ ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ ከቆየ፣ ሲወጣ "ደህና ነኝ" ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። ከተጎዳው ጡንቻ የሚለቀቀው ፖታሲየም ልብን ያውካል፤ ኩላሊትም ሊያቆም ይችላል።
👉 የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ እዚያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።
👉 ቤንዚን በአፍ በጎማ መሳብ ይቅር! ከተዋጠ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ የሚገድለው ሳንባ ሲገባ ነው።
👉 ጭስ ያፈነው ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ አየር አውጡት። እናንተም ሁለተኛ ታማሚ እንዳትሆኑ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ "እንዲህማ ከሆነ ሊፍቱ ዘንድሮ አይደርስም" አሉ። ልክ ናቸው፤ ወለሉና ጣሪያው ብቻ ገንዘቡን ይበሉታል። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ ንድፍ ላኩ። ጋራዡ ከመኝታ ቤቱ ርቆ አጥሩ ጋር ሄዷል፣ ሴራሚኩ ጠፍቷል፣ ሊፍቱ ቦታ ተይዞለት "በኋላ" ተብሎ ተጽፏል። መጋዘኑን ግን ያኑ ዕለት ነው የነኩት፤ የብረት በሩን አንዱን ክንፍ ነቅለው ጥለውታል። "ብርድ ቢገባ ጋቢ አለኝ" አሉኝ።

እናንተም የጋራዥ ንድፍ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከጤና አንጻር የማየውን እነግራችኋለሁ፣ የብረቱንና የአርማታውን ለመሐንዲስ እንተወዋለን። መኪና ላለው ወዳጃችሁ ሼር ማድረግ አትርሱ፤ በተለይ በሩን ዘግቶ ሞተር ለሚያሞቅ።

ጤና ይብዛላችሁ!