የጅምላ ሠራተኛ ቅነሳ በተሰናበቱትና በቀሩት ሠራተኞች ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

መግቢያ

አንድ ድርጅት ገበያ ሲያጣ፣ ገቢው ሲያሽቆለቁል ወይም የሚደግፈው የገንዘብ ምንጭ ሲቋረጥ በቅድሚያ ከሚታሰቡት የወጪ መቀነሻ መንገዶች አንዱ ሠራተኛን ማሰናበት ነው። ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በሒሳብ መዝገብ በመሆኑ የሚያስከትለው የጤና ጉዳት ከሚዛኑ ውስጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ሥራውን ያጣ ሰው ውሎ አድሮ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ራስ ምታቱን፣ የደም ግፊቱን ወይም ተስፋ መቁረጡን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይመጣል። ሐኪሙም ስለ ሥራው ካልጠየቀው ሕመሙን እንጂ መነሻውን አያይም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ አጎዋ በመባል ከሚታወቀው የአሜሪካ የንግድ ዕድል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስትታገድ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ በርካታ ወጣት ሴቶች ሥራቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቋርጥ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በተለይ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። በዚህኛው ጊዜ ጉዳቱ የደረሰው በሕክምና ጠረጴዛው በሁለቱም ወገን በተቀመጡት ላይ ነው።

ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠው ጥቅም

ሥራ ማጣት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ከተደረጉት ጥናቶች ቀደምት ከሆኑት አንዱ የተካሄደው በኦስትሪያ፣ ከቪየና ከተማ ብዙም በማትርቀው ማሪንታል በምትባል መንደር ነው። የመንደሪቱ ነዋሪዎች መተዳደሪያ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 መካከል ሲዘጋ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የሕዝቡን ኑሮ በቅርብ ተከታትለው ውጤቱን በ1933 አሳተሙ። ነዋሪዎቹ ከወትሮው የበለጠ ትርፍ ጊዜ ቢኖራቸውም ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ። የወንዶቹ እርምጃ ሳይቀር ተጓተተ፤ ዕለቱን በምን እንዳሳለፉት ሲጠየቁም መልስ ያጥራቸው ነበር። ያመዘነው ቁጣ ሳይሆን ዝምታና ተስፋ መቁረጥ ነበር።

ያሆዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገሮችን እንደሚሰጥ ገልጻለች። እነርሱም ለቀኑ ሥርዓት ማበጀት፣ ከቤተሰብ ውጭ ከሰው ጋር መገናኘት፣ ከግል ፍላጎት ላለፈ የጋራ ዓላማ መሥራት፣ በኅብረተሰብ ውስጥ ቦታና መታወቂያ ማግኘት እንዲሁም ዘወትር በሥራ መጠመድ ናቸው። የስንብት ገንዘብ ደመወዙን ለጥቂት ወራት ሊተካ ይችላል፤ እነዚህን አምስቱን ግን አይተካም።

በሰውነት ውስጥ የሚከሰተው ለውጥ

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆልምስና ሪቻርድ ሬሂ የተባሉ ሐኪሞች 43 የሕይወት ለውጦችን በሚያደርሱት ጫና መጠን ደረጃ ሰጥተው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ሲያገኝ ከሥራ መሰናበት 47 ነጥብ አግኝቶ ስምንተኛ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ጫና ሲደርስ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይህ ሰውን ከአደጋ የሚያድን ምላሽ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቅ ግን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ስኳርን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያውካል፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ያዛባል። ከዚህም በላይ ጭንቀቱን ለመርሳት ሲባል አልኮል፣ ሲጋራና ጫት ሊበዙ ይችላሉ። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛው ክኒኑን እየዘለለ መውሰድ ይጀምራል። በአሠሪው በኩል የሕክምና ወጪ ይሸፈንለት የነበረ ሠራተኛ ያንን ሽፋን የሚያጣው በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

የጥናት ማስረጃዎች

ሥራ ማጣትና ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ቀድሞውንም የታመመ ሰው ሥራውን የማጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና። ተመራማሪዎች ጅምላ ቅነሳንና የፋብሪካ መዘጋትን የሚያጠኑት ለዚህ ነው፤ አንድ ድርጅት በገበያ ምክንያት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት ጤነኛውም ሕመምተኛውም አብሮ ይወጣል።

ዳንኤል ሱሊቫንና ቲል ፎን ቫክተር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ወንድ ሠራተኞችን የተመለከተ ነበር። በጅምላ ቅነሳ በተሰናበቱት ላይ ከስንብቱ በኋላ ባለው ዓመት የሞት መጠን ከ50 እስከ 100 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በ40 ዓመቱ የተሰናበተ ሠራተኛ ከሚጠበቅለት ዕድሜ ከአንድ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሊያጣ እንደሚችልም ተሰልቷል። ከምክንያቶቹ መካከል የገቢ መቀነስና አለመረጋጋት ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው ጥናቱ ያመለክታል።

ጉዳቱ የስንብት ደብዳቤ እስኪደርስ ድረስም አይጠብቅም። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገውና ኋይትሆል ሁለት በመባል የሚታወቀው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ወደ ግል ሊዛወር በታሰበ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ዝውውሩ ከመፈጸሙ በፊት፣ በመጠባበቅ ላይ እያሉ፣ ስለ ጤንነታቸው የሰጡት ግምት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ይልቅ እያሽቆለቆለ መሄዱን በ1995 አሳውቋል። እርግጠኛ ያልሆነ ወሬ ራሱን የቻለ የሕመም መንስኤ ነው ማለት ነው።

በሥራ ላይ የቀሩት ሠራተኞች

በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ስሙ ከዝርዝሩ ያልወጣ ሠራተኛ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ከፊንላንድ የተገኘው ማስረጃ ግን ይህን አያጸናም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በደረሰባት ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን ቀንሳ ነበር። ዩሲ ቫህቴራና ባልደረቦቹ በ10 ከተሞች ሥራቸውን ይዘው የቀሩ 22,430 ሠራተኞችን ተከታትለው ውጤቱን በ2004 አሳተሙ። የሠራተኛው ቁጥር ከ18 በመቶ በላይ በቀነሰባቸው የሥራ ዘርፎች የሕመም ፈቃድ ጨምሯል፤ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚከሰተው ሞት ደግሞ በእጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጭማሪው የጎላው ከቅነሳው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ነበር።

ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አምስት ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሦስት ሰዎች ይሠሩታል። ሠራተኛው በሥራው ላይ የነበረው የመወሰን ነጻነት ይጠባል። «ቀጣዩ ማን ይሆን?» የሚለው ስጋት አብሮት ይውላል፤ ባልደረባው ወጥቶ እርሱ መቅረቱም የጥፋተኝነት ስሜት ያሳድርበታል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ በዚሁ ጥናት የሕመም ፈቃድ የጨመረው በቋሚ ሠራተኞች እንጂ በጊዜያዊዎቹ ዘንድ አለመሆኑ ነው። ውሉ እንዳይታደስ የሚሰጋ ሰው እየታመመም ሥራ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ማነስ ብቻውን የጤንነት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ቅነሳውን የሚያስፈጽሙት ኃላፊዎችም ከጉዳቱ ውጭ አይደሉም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጅና ደብዳቤውን በእጁ የሚሰጥ የቅርብ ኃላፊ ለዓመታት አብሮት የሠራውን ሰው ፊት ለፊት ይመለከታል። በእንዲህ ያሉ ኃላፊዎች ላይ የእንቅልፍ ችግርና ሌሎች የጤና ጉድለቶች እንደሚታዩ ጥናቶች አመልክተዋል።

የፍራንስ ቴሌኮም ትምህርት

ቅነሳው የሚፈጸምበት መንገድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በፈረንሳይ የደረሰው ያሳያል። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ የነበረው ፍራንስ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ሦስት ዓመታት 22,000 ሠራተኞች እንዲወጡና 10,000 የሚሆኑት የሥራ ቦታ እንዲለውጡ አቀደ። አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኛነት ዋስትና ስለነበራቸው በቀላሉ ማሰናበት አይቻልም ነበር። ስለሆነም ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ እንዲለቅ የሚያስገድድ ጫና ተፈጠረ፤ ተደጋጋሚ ዝውውር፣ ከሙያ ውጭ መመደብ፣ ያለ ሥራ ማስቀመጥ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ።

ከዚያ በኋላ በሠራተኞች መካከል ተደጋጋሚ ራስን የማጥፋት ድርጊት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በዝርዝር የመረመረው የ39 ሠራተኞችን ጉዳይ ሲሆን ከእነርሱም 19ኙ ሕይወታቸውን አጥፍተዋል፣ 12ቱ ሞክረዋል፣ 8ቱ በድብርት ሕመም ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ኩባንያውና የቀድሞ ከፍተኛ ኃላፊዎቹ በተቋም ደረጃ በተፈጸመ የሥነ ልቦና ጥቃት ጥፋተኛ ተባሉ። በጃንዋሪ 2025 የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት ይህንኑ አጸና። ኩባንያው የነበረበት ዕዳና ውድድር እውነተኛ ነበር፤ ችሎቱ ጥፋት ያለው ግን ሠራተኛን በማሳቀቅ ማስለቀቅን እንደ አሠራር መያዙን ነው።

ከባዱ ምርጫ

ቅነሳ ፈጽሞ የማይቀርበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ድርጅቱ በሙሉ ከሚዘጋ ጥቂቶች ቢሰናበቱ ይሻላል የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። ይሁንና ወደዚያ ከመድረስ በፊት ሌላ መንገድ ይኖራል። ጀርመን በ2009ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ የሥራ ሰዓትን በመቀነስና የጠፋውን ደመወዝ በከፊል በመንግሥት በኩል በመሸፈን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን በሥራቸው ላይ አቆይታ ነበር። ችግሩን ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ይሸከመው ወይስ ጥቂቶች ሙሉ በሙሉ ይሸከሙት የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የጤናም ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ረገድ ግልጽ መመሪያ ይሰጣል። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የተሻለ የሥራ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው በቅድሚያ ይቆያሉ። በዚህ እኩል የሆኑ ሲገኙ አገልግሎታቸው አጭር የሆነና የጥገኞቻቸው ቁጥር ያነሰ ቀድመው ይቀነሳሉ፤ አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኞች ተወካዮችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ደግሞ መጨረሻ ላይ እንዲሆኑ ተደንግጓል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያም አለ። እነዚህ ድንጋጌዎች ሠራተኛው «ለምን እኔ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከሰው ፊት የራቀ፣ በመስፈርት የተደገፈ እንዲሆን ያደርጋሉ። ፍትሐዊ በሆነ መንገድ የተያዘ ሰው ኀዘኑ ባይቀርለትም ውርደቱ ይቀልለታል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

አንደኛ፣ «ሥራዎት እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ የማንኛውም የሕመም ታሪክ አካል መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ሥራ ማጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ሕመምተኛው ሳይጠየቅ ላይናገር ይችላል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው።

ሁለተኛ፣ የድብርት ምልክት የታየበት ሰው ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽና በርኅራኄ ሊጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ሐሳቡና ዕቅዱ ያለው ሰው ብቻውን ሳይተው በአስቸኳይ ወደ አእምሮ ሕክምና አገልግሎት መላክ አለበት።

ሦስተኛ፣ ለቆየ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሥራውን ሲያጣ ሐኪሙ ርካሽ አማራጭ እንዲፈልግለትና ወደ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እንዲመራው ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ሐዘንን ሁሉ በክኒን ለማከም መቸኮል አይገባም። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ላጡ ሰዎች ያዘጋጁት፣ ሥራ የመፈለግ ችሎታንና እምቢታን የመቋቋም ጽናትን በቡድን የሚያስተምር አጭር ሥልጠና፣ በተለይ ለድብርት ይበልጥ ተጋላጭ በሆኑት ላይ ምልክቱን እንደሚቀንስ በንጽጽር ጥናት ተረጋግጧል። በተመሳሳይ ሰውየው መዋጮ መክፈል አቅቶት ከእድሩ እንዳይርቅ፣ በማለዳ የመነሣትና ከሰው ጋር የመዋል ልማዱን እንዳይተው ማበረታታት ሐኪሙ ምንም ሳያወጣ ሊሰጠው የሚችለው ምክር ነው።

አምስተኛ፣ በድርጅት ውስጥ የሚሠራ የሙያ ጤና ባለሙያ የቀሩትን ሠራተኞች የደም ግፊትና የሥራ ጫና ከቅነሳው በኋላ ባሉት ዓመታት መከታተልና አስተዳደሩን በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

የጅምላ ሠራተኛ ቅነሳ ከስንብቱ በፊት፣ በስንብቱ ዕለትና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሰው ጤና ላይ የሚለካ ጉዳት ያደርሳል፤ ጉዳቱም ለተሰናበተው ብቻ አይደለም። አስቀድሞ እውነቱን በመናገር፣ መስፈርቱን በግልጽ በማስታወቅ፣ ሥራን ለቀረው ኃይል በሚመጥን መጠን በማከፋፈልና የተሰናበተውን በክብር በመሸኘት ሊቀንስ ይችላል። የጤና ባለሙያው ቅነሳውን ማስቀረት አይችል ይሆናል። የሚያስከትለውን ሕመም ግን በጊዜው አይቶ በስሙ ሊጠራው ይችላል፤ ሕክምናውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።