ይገባል፣ ግን አይልክም

ወልድያ ላይ ኮምፒውተር «ፋይል አልልክም» ካለ ፍርዱ ቶሎ ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። በሰዉ አይፈረድም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በጦርነት ተይዛ ያለ ስልክና ያለ መብራት ከርማለች። በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ይህን ያሳለፈ ሰው የቆመ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ቢመስለው ምን ይገርማል? እኔ ግን ከወልድያ እስከ መርሳና ውርጌሳ እየተዘዋወርኩ ኮምፒውተር ስጠግን፣ ኔትወርኩ እየታማ ጥፋተኛው ሰርቨሩ ጋ ያለው ፋየርዎል ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ቤት ያለው አንድ ልጅ አለ። ጥር ሲገባ ሰርግ ይደራረብበታል፤ አልበሙን የሚያሳትመው ግን አዲስ አበባ ነው። ድሮ ፎቶውን በፍላሽ አድርጎ በመኪና ይልክ ነበር። ቴሌግራምንም ሞክሯል፤ በፎቶ መልክ ከላከው ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፣ በፋይል መልክ ከላከው ደግሞ በነፃ የሚያልፈው አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። በመጨረሻ ማተሚያ ቤቱ የራሱን የኤፍቲፒ ሰርቨር አድራሻ ከነይለፍ ቃሉ ሰጠው። ልጁ ፋይልዚላ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ ገባ። መግባቱን ገባ። የፎልደሮቹን ዝርዝር ሲጠብቅ ግን ፕሮግራሙ 20 ሰከንድ ዝም ብሎ ቆየና በቀይ ጽሑፍ «ጊዜው አልፏል» አለው።

«ኔትወርክ የለም» አለኝ ደውሎ።

«የይለፍ ቃልህን ተቀብሎሃል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ኔትወርክ አለ።»

ነገሩ የሚጀምረው ከኤፍቲፒ ዕድሜ ነው። የዚህን የፋይል መላላኪያ የመጀመሪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው በአሜሪካው ኤምአይቲ የነበረው ህንዳዊው አብሃይ ቡሻን ነው። በዚያን ጊዜ እርስ በርስ የተገናኙት ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ፣ ባለቤቶቻቸውም የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ስለነበሩ አንዱ ከሌላው መጠንቀቅ አላስፈለገውም። ኤፍቲፒም ሁለት መስመር ይዞ አደገ። በፖርት 21 (ፖርት የኮምፒውተር በር ነው በሉት) ስምና ትእዛዝ ይመላለሳል፤ የፎልደሩ ዝርዝርም ሆነ ፎቶው የሚያልፈው ግን ለዚያች ጊዜ ብቻ በሚከፈት ሌላ ፖርት ነው። ፋየርዎል በኋላ የመጣ ዘበኛ ነው። ፖርት 21ን አስገባ ተብሏል፤ ስለ ሁለተኛው የነገረው የለም።

በጥንቱ፣ አክቲቭ በሚባለው አሠራር፣ ሁለተኛውን መስመር የሚከፍተው ሰርቨሩ ነው፤ ወደ ደንበኛው ኮምፒውተር ይመጣል። ዛሬ ከራውተር ጀርባ ወይም በሞባይል ዳታ ላይ ላለ ሰው ይህ በአብዛኛው አይሠራም። ፓሲቭ የሚባለው ደግሞ ገልብጦት ሁለቱንም መስመር ደንበኛው ራሱ እንዲከፍት ያደርጋል። ያኔ ጣጣው ወደ ሰርቨሩ ፋየርዎል ይዞራል።

ልጁን ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አደረግሁ። መፈለግ ያለበት በ227 የሚጀምረው መስመር ነው። ቀጥሎ በቅንፍ ስድስት ቁጥሮች አሉ፦ 192፣ 168፣ 1፣ 10፣ 195፣ 80። አራቱ የሰርቨሩ አድራሻ ናቸው። ከቀሩት ሁለቱ ፖርቱ ይወጣል፤ 195ን በ256 አባዝታችሁ 80 ብትደምሩ 50,000 ይመጣል። ሰርቨሩ «ወደ 192.168.1.10፣ በፖርት 50,000 ና» ማለቱ ነው። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከመርሳ ማንም በኢንተርኔት አይደርስበትም። ፋይልዚላ ይህን ስለሚያውቅ በውጭው አድራሻ ተክቶ ይሞክራል። ተክቶም አልሆነለትም፤ ፖርት 50,000 ተዘግቷል።

ማተሚያ ቤቱ ጋ ስደውል ያገኘሁት መልስ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ «እኛ ጋ ይሠራል»። ዋሽተው አይደለም። የሚሞክሩት እዚያው ቢሮ ተቀምጠው፣ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ራውተር ሥር ሆነው ስለሆነ ከፋየርዎሉ ጋር አይገናኙም። «ወንድሜ፣ ዋይፋዩን አጥፋና በስልክህ ዳታ ሞክረው» አልኩት ባለሙያቸውን። ሞከረው፤ እሱም ጋ ዝም አለ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ፋየርዎሉን አጥፍቶ መገላገል ነበር። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኢንተርኔት ላይ ያለን ሰርቨር በሩን የሚነካኩ ፕሮግራሞች ቀንም ሌሊትም አያርፉም። የሚደረገው ሌላ ነው፤ ሰርቨሩ ለፓሲቭ የሚጠቀምባቸውን ፖርቶች ጠበብ አድርጎ፣ ለምሳሌ ከ50,000 እስከ 50,100፣ መወሰን፤ የውጭ አድራሻውን እንዲናገር ማዘዝ፤ ከዚያ እነዚያኑ ፖርቶች ብቻ ፋየርዎሉና ራውተሩ ላይ መክፈት። ሰርቨሩ ከአከራይ ድርጅት የተገኘ ከሆነ አከራዩም የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እዚያም ይታይ። ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው ደግሞ ፖርት 22ን እንዳይዘጋ ይጠንቀቅ። ራሱ የሚገባበት እሱ ነው፤ ከዘጋው እዚያው ድረስ መሄድ ሊኖርበት ነው፣ ከወልድያ አዲስ አበባ ደግሞ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ባለሙያው እንዳልኩት ሲያደርግ ዝርዝሩ መጣ፣ ፎቶዎቹም ሄዱ። የሰርግ ቪዲዮ ላይ ግን ሌላ ጣጣ ተከተለ፤ መቶ በመቶ ደርሶ «አልተሳካም» ይላል። በሚኒባስ ስሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩና ምክንያቱን አገኘሁት። ትልቅ ፋይል በቀርፋፋ መስመር ሲጫን ያ የትእዛዝ መስመር ረጅም ጊዜ ቃል አይተነፍስበትም፤ ፋየርዎሉ የተተወ መስሎት ይቆርጠዋል። ፋይሉ ግን ደርሷል! ልጁ ይህን ሳያውቅ ያንኑ ቪዲዮ እየደጋገመ ሲልክ የዳታ ገንዘቡን ጨርሷል። እንደገና ከመላክ በፊት እዚያ የደረሰውን መጠን ከዋናው ጋር ማስተያየት ይበቃል።

ግራ የሚያጋባው ግን ኢንክሪፕሽን ሲበራ ነው። አንዳንድ ፋየርዎል የፖርት 21ን ንግግር እያዳመጠ ሁለተኛውን መስመር ራሱ ይከፍታል። ንግግሩ ሲመሰጠር ማዳመጥ አይችልምና ትናንት የሠራው ዛሬ ይቆማል። ኢንክሪፕሽኑን ማጥፋት ይቀላል፤ ያኔ ግን የይለፍ ቃሉ በግልጽ ይጓዛል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ኤስኤፍቲፒ ይሻላል። ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው፤ ትእዛዙም ፋይሉም በአንድ ፖርት፣ በ22፣ ተመስጥሮ ያልፋል። ማተሚያ ቤቱም በኋላ ወደዚያው ዞሯል።

ከዞረ በኋላ አንድ ቀን ልጁ ጭራሽ መግባት አቃተው። በስልኩ ዳታ ሲሞክር ይገባል፤ በቤቱ ዋይፋይ ግን እንቢ። ሰርቨሩ ላይ ፌይልቱባን የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ካልተቀየረ በቀር በ10 ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ የይለፍ ቃል የተሳሳተበትን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ፎቶ ቤቱ ጓዳ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ የተቀየረውን የድሮ ይለፍ ቃል ይዞ በራሱ ጊዜ ሲሞክር ይውላል። የሁሉም ኮምፒውተር የውጭ አድራሻ አንድ ስለሆነ እገዳው ቤቱን በሙሉ ይመለከታል። ላፕቶፑን ነቅለን ቡና እስኪፈላ ጠበቅን፤ ከዚያ ገባ።