«ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያልን ያባከንነው ዓመት

ልጃችን ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና አፉን አልፈታም ነበር። ስሙን ስንጠራው አይዞርም፤ የመጫወቻ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ሲያሽከረክር ግን ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። እዚህ ዩለስ ቤታችን ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ መልስ ነበረው። አንዱ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል፤ ሌላው «አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆበት ነው»። እኔም የማታ ሺፍት እየሠራሁ፣ ደስ የሚለኝን መልስ ይዤ ተኛሁ። ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ሐኪሟ «ኦቲዝም ነው» አለችን።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «ይሄ አሜሪካ ምን አድርጎብን ነው?» ብዬ ነው። ቁጥሩን ሲያዩት ያስደነግጣላ! የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በሚከታተላቸው አካባቢዎች፣ በፈረንጆቹ 2000 ስምንት ዓመት ከሆናቸው 150 ልጆች በአንዱ ላይ ኦቲዝም ተለይቶ ነበር። በ2022 ከ31 አንዱ ሆነ።

ነገር ግን በመሀል ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1994 እና በ2013 የኦቲዝም ትርጉም ተሻሽሎ፣ ቀለል ያለ ምልክት ያላቸውም ተካተቱ። በ2007 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ሁሉም ልጅ በ18 እና በ24 ወሩ እንዲታይ መከረ። ወላጆች በዕድሜ ገፍተው መውለዳቸውም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ክትባት ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን ባካተቱ ጥናቶች ተፈትሾ ነፃ ወጥቷል።

እዚያው የ2022 ቁጥር ውስጥ በቴክሳሷ ላሬዶ ከ103 ልጆች አንዱ፣ በካሊፎርኒያው አካባቢ ደግሞ ከ19 አንዱ ተለይቷል። ልዩነቱ በአብዛኛው ልጆቹን ማን ይፈልጋቸዋል የሚለው ነው። የእኛው ቴክሳስ እኮ ከ2004 ጀምሮ ልዩ ትምህርት የሚያገኙ ተማሪዎች ከ8.5 በመቶ እንዳይበልጡ ትምህርት ቤቶችን ሲገፋ ኖሯል። ጋዜጣ በ2016 አጋለጠው፤ በ2017 በሕግ ተከለከለ።

አገር ቤት ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጁን እንደ እርግማን ቆጥሮ ይደብቅ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ባሕር ተሻግረንም ያንን ጓዳ ይዘነው መጥተናል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ በ16 ወሩ አንድም ቃል ካላለ፣ በጣቱ ካልጠቆመ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ አትጠብቁ። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ የቴክሳስ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም (ኢሲአይ) በነፃ ይመረምረዋል። እኛ ያመለጠን ይሄ ነው። ሦስት ከሞላው፣ ትምህርት ባይጀምርም፣ ለአካባቢያችሁ የትምህርት ዲስትሪክት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። አማርኛችሁንም አትተዉ፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም።

ልጄ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይናገራል። ያቺን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?