ትልቅ ቸርኬ ወይስ ትልቅ ጎማ? ለሞያሌና ለሶሎሎ መንገድ የሚያዋጣው የትኛው ነው?

ከሞያሌ ተነስቶ የናይሮቢን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ቱርቢ ከመድረሱ በፊት በስተቀኙ በድንጋያማ ኮረብቶች ግርጌ ሶሎሎን ያገኛል። ሶሎሎ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ፣ ቦረናዎች የሚኖሩባትና የሚሲዮን ሆስፒታል ያለባት አነስተኛ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ድንበርም ብዙ አትርቅም።

ይህ መንገድ በአሽከርካሪዎች ዘንድ ለረዥም ጊዜ የሚታወቀው በክፉ ስሙ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ በተለይ በማርሳቢትና በቱርቢ መካከል ባለው የዲዳ ጋልጋሉ ምድረ በዳ፣ ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችና እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ኮረኮንች ጎማ ሲበሉና ባለስትራ ሲሰብሩ ኖረዋል። የአፍሪካ ልማት ባንክ ጭምር የገንዘብ ድጋፍ ያደረገበት የአስፋልት ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010ዎቹ ተጠናቆ ሁኔታውን ለውጦታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የወቅቱ የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በሞያሌ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መርቀው ከፍተዋል።

መንገዱ ሲቀና፣ ቀድሞ ለላንድ ክሩዘርና ለከባድ መኪና ብቻ የተተወው ጉዞ እንደ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሱባሩ ፎረስተርና ኒሳን ኤክስ ትሬይል ላሉ ቀለል ያሉ መኪኖችም የሚደፈር ሆነ። ይሁንና ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወደ መንደሮቹ የሚያስገቡት መንገዶች በአብዛኛው አሁንም አሸዋ፣ ጠጠርና ስለታም ድንጋይ ናቸው። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ታዲያ "ከፍ ያለና ሰፋ ያለ እግር ላልብሰው ይሆን?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎች የሚሰጡት ምላሽ ግን ከሚያስፈልጋቸው ተቃራኒ ነው።

"ትልቅ" ማለት ምን ማለት ነው?

በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንመልከት። ብዙ የራቭ ፎር ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ 225/65 አር 17 የሚል ጎማ አላቸው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ አንጻር ያለው መቶኛ ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ጎን ከፍታ 146 ሚሊ ሜትር፣ አጠቃላይ የእግሩ ዲያሜትር ደግሞ 724 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አንድ ባለንብረት ለግርማ ሞገስ ብሎ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ገዛ እንበል። ከመኪናው አካል ጋር እንዳይፋተግ የሚገጥምለት ጎማ 245/45 አር 20 ዓይነት ነው። የዚህ ጎማ አጠቃላይ ዲያሜትር 728 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው የዚህ ልዩነት ግማሽ ያህል፣ ማለትም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጎማው ጎን ግን ከ146 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ሰውየው የጨመረው ብረት ነው፤ የቀነሰው ደግሞ ድንጋይ ሲመታው እጥፍ ብሎ የሚመለሰውን ላስቲክና በውስጡ ያለውን ንፋስ ነው። ፍጥነት ላይ ያለ መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ይቀረጠፋል፤ ጎኑ ይቆረጣል ወይም ያብጣል፣ ቸርኬውም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ጥርሱ ላይ የተበሳን ጎማ ጎሚስታ ይደፍነዋል፤ ጎኑ የተቀደደን ጎማ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጠግን የለም።

ሌላኛው ባለንብረት የፋብሪካውን 17 ኢንች ቸርኬ ሳይነካ 245/65 አር 17 ጎማ አስገጠመ እንበል። የጎማው ጎን ወደ 159 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ዲያሜትሩ 750 ይደርሳል፤ መኪናውም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከሩቅ ሲታይ ይኸኛው መኪና ከመጀመሪያው ያነሰ "ያማረ" ነው። ኮረኮንቹ ላይ የሚሻለው ግን እሱ ነው። እንዲያውም የፊት ፍሬኑ ስፋት ከፈቀደ ወደ 16 ኢንች ቸርኬ ዝቅ ብሎ እንደ 235/70 አር 16 ያለ ጎማ መግጠም የበለጠ ላስቲክ ይሰጣል። ቸርኬን ማሳነስ መኪናን ማዋረድ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በጠጠር መንገድ የሚወዳደሩ የራሊ መኪኖች ግን ለአስፋልት ውድድር ከሚጠቀሙበት ያነሰ ቸርኬ የሚያደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በዚህ ረገድ ሊጤኑ ይገባል። ከእነዚህ መካከል እንደ ፎክስቫገን አይዲ 4 ያሉት ገና ከፋብሪካው እስከ 20 ኢንችና ከዚያም በላይ በሆነ ቸርኬ የሚመጡ አሉ፤ የኋላ ጎማቸውም ከፊቱ ስለሚሰፋ የፊቱን ከኋላው ማቀያየር አይቻልም። ለከተማ የተሰናዳን እንዲህ ያለ እግር ይዞ ከያቤሎ በታች ወርዶ ከአስፋልት መውጣት ድፍረት ነው።

የአራቱ ጎማዎች እኩልነት

አራቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ከሌላው የሚለይበት አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ድሮ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት ብዙውን ጊዜ በኋላ እግሩ ብቻ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ካላስገባው በቀር የፊቱና የኋላው እግር አይያያዙም። በራቭ ፎርና በፎረስተር ግን የፊቱን ከኋላው የሚያያይዘው ሥርዓት በኮምፒውተር ወይም በራሱ የሚሠራ ፍሪሲዮን መሰል ክፍል ነው። በቀድሞዎቹ ራቭ ፎሮች ይህን ሥራ የሚያግዘው ሲሞቅ የሚጠጥር ዝልግልግ ፈሳሽ ያለበት ክፍል ነበር። እነዚህ ክፍሎች የተሠሩት ኩርባ ላይ ወይም ጭቃ ውስጥ የሚፈጠረውን ጊዜያዊ የፍጥነት ልዩነት እንዲችሉ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲንሸራተቱ አይደለም።

ቀላል ሒሳብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው። አሽከርካሪው ከፊት አዲስ ጎማዎችን አድርጎ ከኋላ ጥርሳቸው 3 ሚሊ ሜትር የቀረ ጎማዎችን ቢተው፣ የሁለቱ ዲያሜትር በ10 ሚሊ ሜትር ይለያያል። አዲሶቹ በአንድ ኪሎ ሜትር 439 ጊዜ ያህል ሲዞሩ ያረጁት 445 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ከማርሳቢት ሞያሌ ባለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ልዩነቱ ከ1,500 ዙር ይበልጣል። ያን ሁሉ ልዩነት በመንሸራተት የሚያቻችለው ያ አነስተኛ ክፍል ነው። በመጨረሻም ይግላል፤ ዘመናዊው ራሱን ለመጠበቅ የኋላውን እግር ያላቅቃል፣ አሮጌው ደግሞ ይቃጠላል። የጥገናው ዋጋ ከአንድ ሙሉ የጎማ ለውጥ በላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ልዩነት እንኳን እንዳይኖር የሚያሳስቡት ለዚህ ነው፤ ይህም በጥርስ ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለት ነው።

ስለዚህ ጎማ የሚያሳድግ ሰው አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ይለውጣል። አምስተኛው ደግሞ ይረሳል። ተጠባባቂው ጎማ በቀድሞው መጠን ከቀረ፣ ሶሎሎ አጠገብ አንዱ እግር ሲፈነዳ የሚገጠመው አነስ ያለ ጎማ እዚያው ሥርዓት ላይ ይጨክናል። ትልቁ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሻንጣው ወለል ሥር ባለው ቦታ ውስጥ አይገባም። ይህን ሳያስቡ የገዙ ሰዎች ጎማውን ጣሪያ ላይ ጭነው ለመሄድ ይገደዳሉ።

ቸርኬው ሞዞው ላይ በትክክል ተቀምጧል?

ከፋብሪካው ውጭ የተሠራ ቸርኬ ሲገዛ የቡሎን ቀዳዳዎቹ መግጠማቸው ብቻውን በቂ አይደለም። ራቭ ፎር አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ሲኖረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ሞዴል በፊት የነበሩት ፎረስተሮች ግን አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው። መሐለኛው ቀዳዳም ይለያያል፤ የራቭ ፎር ሞዞ 60.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለብዙ መኪና እንዲሆን የተሠራ ቸርኬ ከዚህ ይሰፋል። ክፍተቱ በልኩ በተሠራ ቀለበት ካልተሞላ ቸርኬው መሐሉን ይስታል፤ መሪውም በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ዳዶውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ዋሸር ባለው ዳዶ የሚታሰሩ ሲሆን፣ ከውጭ የሚገዙት አብዛኞቹ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋውን ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ማሰር ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ይላላል፣ እግሩም ሊወልቅ ይችላል። አዲስ ቸርኬ ከተገጠመ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ውስጥ ዳዶዎቹን በመለኪያ ቁልፍ ደግሞ ማጥበቅ ግድ ነው።

ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚጋጠምበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ ያለው ርቀትም አለ፤ ቸርኬው ላይ "ኢ.ቲ." ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ይህ ቁጥር ከፋብሪካው ብዙ ካነሰ እግሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሞዞው ኩሺኔታ ያለ ልኩ ይጫናል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይልጣል። ከበለጠ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ አሞርዛተሩን ይነካል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ መኪናውን በሰውና በዕቃ ሞልቶ፣ መሪውን እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሮ፣ አንዱን እግር ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጥቶ ማየት። ባዶ መኪና ጎሚስታው ደጃፍ ላይ አለመፋተጉ ምንም አያረጋግጥም።

ዲያሜትሩ ሲያድግ ሌላም የሚከተል ነገር አለ። ቀደም ብለን ባየነው 750 ሚሊ ሜትር እግር፣ የፍጥነት መቁጠሪያው እንደ ቀድሞው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ3.6 በመቶ ፈጥኖ ነው። የሚከብደውን እግር ለማቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል። ግመልና ከብት ሳይታሰብ በሚሻገርበት በዚህ አስፋልት፣ በተለይ ሲመሽ፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ዋጋ አላት።

ከመጠኑ በኋላ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅምን ያመለክታል፤ 102 ማለት አንድ ጎማ 850 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር ሊኖረው አይገባም። የተመረተበት ጊዜ ደግሞ በአራት አሃዝ ይታተማል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኬንያ እስከ ስምንት ዓመት ያገለገሉ መኪኖች እንዲገቡ ስለምትፈቅድ፣ ከጃፓን የመጣ መኪና ጥርሱ ሙሉ የሆነ ነገር ግን በዕድሜ የደረቀ ጎማ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሰሜን ኬንያ ሙቀት እንዲህ ያለው ጎማ ሳይታሰብ ይፈነዳል።

አዲስ ነገር ከመግዛት በፊት የሚሞከር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መላም አለ። ወደ ጠጠር ወይም አሸዋ ሲገባ በሾፌሩ በር ጠርዝ ከተለጠፈው የንፋስ መጠን አምስት እጁን አንዱን ቀንሶ በዝግታ መሄድ፣ ጎማው በድንጋዩ ላይ እንዲለመጥና የመኪናው መንገጫገጭ እንዲቀንስ ያደርጋል። ወደ አስፋልት ሲመለስ ግን ንፋሱ ወዲያውኑ መሞላት አለበት፤ ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ከውስጥ ይግልና ይበጣጠሳል። ለዚህ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የንፋስ መሙያና የንፋስ መለኪያ ይበቃል፤ የሁለቱ ዋጋም ከአንድ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።