የጣና ታንኳና ጭቃ ወዳዱ አምባዛ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ሰበታ ለደረሰ ሰው፣ አምባዛን ለማየት ሐይቅ መፈለግ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ በኩሬዎቹ ከሚጠኑት ዓሣዎች አንዱም አምባዛ ነው። ከኩሬ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ገብቶ መረብ መጎተት ነው። ጣና ላይ ግን ያው ዓሣ ሜትሮች ወደ ታች፣ ጭቃው አጠገብ ይውላል፤ አጥማጁም ከላይ በሚወዛወዝ ነገር ላይ ተቀምጦ ሊያገኘው ይገባል። ያ ነገር የደንገል ታንኳ ነው።

ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታጭዶ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። የአገዳው ውስጥ አየር የያዘ ስፖንጅ ነው፤ የሚያንሳፍፈውም እሱ ነው። ውኃ በእስሮቹ መካከል ገብቶ ይወጣል እንጂ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ጀልባ አይሞላውም። ለዚህም ነው ተቀማጩ ሌላ የደንገል ንጣፍ ከሥሩ የሚያደርገው።

ይህ ደንገል ውቅያኖስ ላይም ተሞክሯል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» ብሎ የሰየማትን ጀልባ ከጣና በተወሰደ ደንገል አሠርቶ ከሞሮኮ አትላንቲክን ለመሻገር ተነሳ። ያቺ በመንገድ ፈረሰች፤ በዓመቱ «ራ 2» ባርቤዶስ ደረሰች።

ደንገሉ ታንኳውን ያንሳፍፋል፤ አለመገልበጥ ግን በደንገሉ ብቻ አይገኝም። ካያክ የሚባለው ጠባቡ የፕላስቲክ ጀልባም፣ ታንኳውም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ክብደትን ዝቅ ማድረግ። ቆሞ ከመሥራት ተቀምጦ መሥራት ይሻላል። ማዕበል ሲመጣ ወገብ ይላላል፣ ጭንቅላት ግን ከጀልባው መሃል አይወጣም። ብዙዎች የሚገለበጡት ዓሣው ሲጎትት በጎን ሲያጎነብሱ ነው። ልማድ ያለው ሰው ገመዱን ወደ ፊት አዙሮ፣ ዓሣው ሲደክም ነው ወደ ራሱ የሚያመጣው።

አምባዛ ዓይኑ ትንሽ ቢሆንም ስምንት ጢሞች አሉት፤ በጨለማ ጭቃውን በእነሱ እየዳሰሰ ይመገባል። አየርም መተንፈስ ስለሚችል በአፈር የደፈረሰ ውኃ አያስጨንቀውም። እሱን የሚፈልግ መንጠቆውን በድንጋይ ወይም በእርሳስ አክብዶ ወደ ታች ይለቃል። ገመዱ ሲላላ ክብደቱ መሬት ነክቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ መንጠቆው ላይ ያለው ትል ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ዓሣው በቀላሉ አያገኘውም። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቁ ስፍራው 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም።

በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ገቡ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ታየ። ታንኳው ግን አልጠፋም። ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዳርቻ ወጥቶ ካልደረቀም ቶሎ ይበሰብሳል። ባሕር ዳር ሄዶ ሊሞክረው የሚፈልግ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ይውጣ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይልበስ፣ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ዓሣ ቢይዝም በጎን አያጎንብስ።