የአረጋውያን ጡንቻ መመንመንና የዕድሜያቸው ነገር

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት ናርጋ ሥላሴ በምትገኝበት በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት፣ ወደ እርሻ መውረድም ሆነ ቆሞ ማስቀደስ፣ ባሕር ዳር ካለው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ጀልባ መሳፈርም ቢሆን የእግርን ብርታት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ጕልበቱ የከዳው አረጋዊ ከማኅበሩም ከመድኃኒቱም ባንድነት ይርቃል። ይህ ድካም ከእርጅና ጋር የመጣ የማይመለስ ዕጣ ነውን ወይስ ሊዘገይ የሚችል ደዌ የሚለው ጥያቄ የሕክምናን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል።

አሜሪካዊው ሊቅ ኧርዊን ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 «ሳርኮፔኒያ» ብሎ የሰየመው፣ በ2016ም በአሜሪካ የደዌያት መዝገብ የራሱን ቍጥር ያገኘው ይህ የጡንቻ መመንመን፣ ከጐልማስነት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚገባና ከ60 ዓመት በኋላ የሚፈጥን ነው። ምክንያቱም ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች መቀነሳቸው፣ የሆርሞኖች መድከም፣ ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን እንደ ወጣትነቱ ወደ ሥጋ ለመለወጥ መስነፉ፣ በዚህም ላይ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው።

በ2015 የታተመና በ17 አገሮች ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 70 የሆኑ ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ የጡንቻ ብርታት መለኪያ የሆነው የእጅ ጭብጥ ኃይል በ5 ኪሎ ግራም ባነሰ ቍጥር የሞት አደጋ በ16 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስረድቷል። እርግጥ የጭብጥ መድከም የተሰወረ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ራሱ ገዳይ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ሆኖም ጡንቻው የመነመነ አረጋዊ በቀላሉ ይወድቃል፤ ሲወድቅ አጥንቱ ይሰበራል፤ ተሰብሮም ሲተኛ የቀረው ጡንቻ ያልቃል። በ2007 በታተመ ምርመራ፣ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ ካልጋ ሳይወርዱ በመቈየታቸው ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ጐድሏል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ተስፋ የለም አይባልም፤ በቦስተን ከተማ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ጥቂት አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት በማንሣት ቢለማመዱ፣ ኃይላቸው ከእጥፍ በላይ መጨመሩ በ1990 ተመስክሯልና። እንግዲህ «አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ» ማለት ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም ጕዳት ያመጣል። አባትና እናት ያላችሁ ሁሉ፣ ወላጆቻችሁ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ይራመዱ፣ ከመቀመጫቸው እየተነሡ ይቀመጡ፤ በፍስክ ቀን የጣና ዓሣ፣ ዕንቍላልና ወተት፣ በጾም ቀን ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ አይጕደልባቸው፤ ደዌ ያደከመውንም ቀኖና ከጾም ስለሚያሳርፈው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። ጧሪ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቅላቸው የሚገባው ሀብት ይህ ጕልበት ነው።