ከወርቅ ፍለጋ እስከ ገል ምርመራ

የጥንት ሰዎችን ሥራ ከመሬት ውስጥ አውጥቶ የሚመረምረው ትምህርት አርኬኦሎጂ ይባላል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ የተከበረ ሙያ ቢሆንም ቅሉ፣ አጀማመሩ ከሀብት ፍለጋ ብዙም የራቀ አልነበረም። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ለክቡራን አንባቢዎች በመጠኑ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ ፖምፔይ የተባለችውን የሮማውያን ከተማ በአመድ ቀበራት። በ1748 ቁፋሮ ሲጀመር ይፈለግ የነበረው ለናፖሊ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ጌጥ የሚሆን ሐውልትና ሥዕል ነበር። ዕቃው ከየትኛው ክፍል፣ ከምን አጠገብ እንደ ተነሣ ግድ የሚለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1863 ጁሴፔ ፊዮሬሊ የሥራው አለቃ ሲሆን ግን ከተማይቱን በየሠፈሩ ከፋፍሎ፣ ቤቶቹን ከላይ ወደ ታች በጥንቃቄ ያስቆፍር ጀመር።

ከዚህ በኋላ ሃይንሪሕ ሽሊማን የተባለ ባለጠጋ ጀርመናዊ ነጋዴ፣ ሆሜር የዘመረላትን የትሮያን ከተማ ለማግኘት ተነሣ። በ1871 ዛሬ በቱርክ አገር ባለው በሂሳርሊክ ኮረብታ ታላቅ ቦይ ያስቆፍር ጀመር። በኮረብታው ላይ ግን የነበረችው ከተማ አንዲት ብቻ አልነበረችም፤ አንዱ በፈረሰ ጊዜ ሌላው በላዩ እየተሠራ፣ በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርበው ነበር። አስቀድሞ የተጋገረው ከታች እንደሚገኝ ሁሉ ጥንታዊውም ከታች ነው። ሽሊማን ወደ ታች ቸኮለ፤ በ1873 ወርቅ አገኘና «የንጉሥ ፕርያም ሀብት» አለው። በኋላ ሲመረመር ግን ወርቁ ከትሮያ ጦርነት ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ የቀደመ ሆነ። የሚፈልገውን ዘመን ፍራሽ ቈርጦ አልፎት ነበር! የተቈረጠውንም መልሶ መቀጠል አይቻልም።

እኔን ግን ከሽሊማን ወርቅ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የእንግሊዛዊው የፍሊንደርስ ፔትሪ ገል ነው። ፔትሪ በ1894 በግብጽ አገር በናቃዳ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ መቃብሮች ቆፈረ። በውስጣቸው የንጉሥ ስም ወይም ገንዘብ አልተገኘም፤ ታዲያ የትኛው መቃብር ከየትኛው እንደሚቀድም በምን ይታወቅ? እርሱም የማሰሮዎቹን ጆሮ ተመለከተ። በአንዳንዶቹ ላይ ጆሮው በእጅ የሚጨበጥ ነው፤ በሌሎቹ ላይ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ጌጥ የሆነ መስመር ብቻ ይቀራል። የማይጨበጥ ጆሮ የሚሠራ ሰው ከሚጨበጠው ወርሶት ካልሆነ ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የሚጨበጠው ይቀድማል ማለት ነው። የየመቃብሩን ዕቃ በየቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ የሚመሳሰሉትን እያቀራረበ 900 ያህል መቃብሮችን በተራ አሰለፈ። ተራውንም ከ30 ጀምሮ እስከ 80 ቈጠረው፤ ከ30 በታች ያለውን ወደ ፊት ለሚገኙ የቀደሙ ሰዎች ተወላቸው። በ1920ዎቹም በባዳሪ መንደር የቀደሙት ተገኙ።

ፔትሪ ተራውን እንጂ ዓመቱን አላወቀም። ለዚህ በ1949 አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ መላ አመጣ፤ ይኸውም በሞተ እንጨትና አጥንት ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የተባለው በ5,730 ዓመት ያህል ግማሹ የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ የቀረውን ለክቶ ዕድሜውን ማስላት ነው።

በአገራችንም በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን አክሱምን መርምሯል። ከአክሱም ነገሥታት አንዳንዶቹ የሚታወቁት በገንዘባቸው ብቻ ስለ ሆነ፣ እዚህም የፔትሪን የመሰለ ዘዴ ያስፈልጋል፤ በንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያ ገንዘብ ላይ ጨረቃ፣ በኋለኛው ላይ መስቀል መኖሩ የትኛው እንደሚቀድም ያስረዳል። አንድ ሳንቲም ከአፈር ተነሥቶ ለአገር ጎብኚ ቢሸጥ የንጉሡ ስም አይጠፋበትም፤ ከሥሩ የነበረው ወለል በማን ዘመን እንደ ተሠራ ግን ከዚያ በኋላ የሚናገር የለም።

ስለዚህ የዛሬ ቆፋሪዎች የተሻለ መሣሪያ ይዘው ለሚመጡት ብለው ከቦታው ከፊሉን ሆን ብለው ይተዋሉ። በፖምፔይ እንኳ ከከተማይቱ ሲሶው ያህል እስከ አሁን አልተቆፈረም።